«ሴቭ» የምትል አንዲት ቁልፍ

ጋሼ ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው እጃቸውን ከማውዙ ላይ አነሱ።

«አሁን ወጣ?»

«ምኑ ጋሼ?»

«ፋይሉ ነዋ! ከኮምፒውተሬ ወጣ ወይ ነው የምልሽ።»

አልወጣም። ያደረጉት ነገር ትንሽ ነው። እኔ በሠራሁላቸው ገጽ ላይ «ክፈት» የምትለውን ተጫኑ። የፋይሎች መስኮት መጣ። ከዝርዝሩ አንዱን መረጡ። ጽሑፋቸው ብራውዘሩ ውስጥ ተዘረገፈ። ፋይሉ እዚያው የነበረበት ቦታ ነው ያለው። ነገር ግን «አልወጣም» ብዬ አፌን ሞልቼ ለመመለስ ሁለት ሰከንድ ያህል ዘገየሁ። ጋሼ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን አስተማሪ ነበሩ። ተማሪ ሲያመነታ ከሩቅ ያውቃሉ።

ለምን እንደዘገየሁ ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ መመለስ አለብኝ።

ጋሼ አጎቴ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ያዩትን የሰሙትን ለልጅ ልጆቻቸው መጻፍ ጀመሩ። መጀመሪያ በደብተር፣ ከዚያ በኮምፒውተር። የጽሕፈት ፕሮግራሙን ግን አልወደዱትም። ቁልፉ በዛባቸው። አንድ ቀን ሳያውቁት የሆነ ነገር ነክተው ጽሑፉ ሁሉ እንደ ጋዜጣ ለሁለት ተከፈለባቸውና ተናደው ዘጉት። እኔም ኮድ የምጽፍ ሰው ነኝና «ግድ የለም፣ እኔ እሠራልዎታለሁ» አልኩ። አንድ ነጭ ገጽ፣ ትልልቅ ፊደል፣ ከላይ «ክፈት» እና «ሴቭ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች። ብራውዘር እንደሆነ ይከፍቱታል፣ ያውቁታል። አንድ ቅዳሜ ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ።

ነጩ ገጽና ትልልቁ ፊደል ግማሽ ቀን አልፈጁም። «ሴቭ»ዋ ግን ዓመት ፈጀችብኝ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ የስንፍና ነበር። ማንኛውም ብራውዘር ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የምትሰጥ ትንሽ ጓዳ አለችው። ስክሪፕቱ፣ ማለትም ገጹ ውስጥ የሚሮጠው ኮድ፣ እዚያ ጽሑፍ ያስቀምጣል፣ ነገ ሲመለስ ያገኘዋል። መጠኗ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለአንድ ሰው ትዝታ ከበቂ በላይ ነው። ፈቃድ የለ፣ መስኮት የለ፣ ጥያቄ የለ። ጋሼ ይጽፋሉ፣ ገጹ ራሱ እየተከታተለ ያስቀምጣል። እኔም ኮራሁ።

ሦስት ሳምንት ሠራ። ከዚያ «ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ» አሉኝ። ሄድኩ። ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ፦ ብራውዘሩን ከፍቼ ታሪኩን፣ ኩኪውን፣ የተጠራቀመውን ሁሉ አጸዳሁ። አንድ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጌ «አጥፋ» አልኩ። ጓዳዋም አብራ ተጠረገች።

ማንንም መውቀስ አልችልም። ገጹን የሠራሁት እኔ፣ ያጸዳሁትም እኔ። ጋሼ ነጩን ገጽ እያዩ ዝም አሉ። ከዚያ «እዚህ ነበረ እኮ» አሉ፣ ስክሪኑን በጣታቸው እየነኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን የገባኝ ነገር፣ ያቺ ጓዳ የጋሼ አለመሆኗ ነው። የብራውዘሩ ናት። ፋይል አይደለችም። በፍላሽ ገልብጠህ አትወስዳትም፣ በፎልደር ውስጥ አታያትም፣ ስም የላትም። ሳፋሪ የሚባለው የአፕል ብራውዘር ለምሳሌ ከ2020 ጀምሮ፣ ሰውየው ብራውዘሩን እየተጠቀመ አንድን ገጽ 7 ቀን ሙሉ ካልነካው፣ የዚያ ገጽ ስክሪፕት ያስቀመጠውን ነገር ራሱ ይጠርጋል። ምክንያቱ ደህና ነው፤ ማስታወቂያዎች ሰውን በዚያ ጓዳ በኩል እንዳይከታተሉ ነው። ግን አስቡት፦ ጋሼ አሥር ቀን መጻፉን ትተው በብራውዘሩ ዜና ብቻ ቢያነቡስ? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።)

እንግዲህ የሚያስፈልገው እውነተኛ ፋይል ነው። ሃርድ ዲስክ ላይ የተቀመጠ፣ ስም ያለው፣ ድርብ ክሊክ የሚደረግ። ታዲያ አንድ ገጽ ፋይል ለምን ዝም ብሎ አይጽፍም? የኮምፒውተር ፕሮግራም ሁሉ የሚያደርገው ይሄንኑ አይደል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። የገጾች ስክሪፕት የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕትን፣ ብሬንደን አይክ በ1995 በብራውዘር ሠሪው ኔትስኬፕ ቤት በ10 ቀን ነው የሠራው ይባላል፤ እሱ ራሱም አልካደም። ቋንቋው ብዙ ጉድለት ነበረበት፣ አሁንም አለበት። አንድ ነገር ግን ሆን ተብሎ አልተሰጠውም፦ ፋይል መክፈቻ። ሌሎች ቋንቋዎችን ስትማር ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ፋይል ማንበብና መጻፍ ታገኛለህ። እዚህ የለም። ምክንያቱም የብራውዘር ስክሪፕት ካልጠራኸው ቤትህ የሚገባ እንግዳ ነው። ፕሮግራም ስትጭን ቢያንስ «እጭናለሁ» ብለህ ነው። ገጽ ስትከፍት ግን ማንነቱን የማታውቀው ሰው የጻፈው ኮድ አንተ ኮምፒውተር ላይ ይሮጣል። አንድ ሊንክ ተጫንክ፣ በቃ፣ መሮጥ ጀመረ። በዚያ ላይ ማስታወቂያው፣ ቆጣሪው፣ ቪዲዮ ማጫወቻው እያለ በአንድ ገጽ ላይ የሃያ ሰው ኮድ ሊኖር ይችላል። እነዚህን ሁሉ ፎልደርህ ውስጥ ልቀቃቸው?

ስለዚህ መጀመሪያ የተከፈተችው ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነበረች። በዚያው በ1995፣ በኖቬምበር፣ ሁለት የዜሮክስ ኩባንያ ባለሙያዎች ፎርም ላይ ፋይል ማያያዝ የሚቻልበትን መንገድ በጽሑፍ አቀረቡ። ያቺ «ፋይል ምረጥ» የምትል ዛሬም በየማመልከቻው የምናያት ቁልፍ ከዚያ ነው የመጣችው። ሰነዱ ስለ ደኅንነት ሲናገር ዋናው ቁም ነገር አንድ ነው፦ ብራውዘሩ ሰውየው ራሱ በግልጽ ያልጠየቀውን ፋይል መላክ የለበትም። ማለትም ስክሪፕቱ መምረጥ አይችልም። ጣትህ ነው የሚመርጠው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያች ጣት ዙሪያ የሚደረግ ትግል ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ለምሳሌ በድሮዎቹ ብራውዘሮች ከ«ፋይል ምረጥ» አጠገብ የመጻፊያ ሳጥን ነበረች። የፋይሉን አድራሻ በኪቦርድ መጻፍ ይቻል ነበር። ብልጦች ደረሱበት። ገጹ አንድ ጨዋታ ወይም የአስተያየት መስጫ ያሳይሃል። አንተ ስትጽፍ ስክሪፕቱ የሚፈልጋትን ፊደል ስትነካ ብቻ ጠቋሚውን ቶሎ ወደዚያች ሳጥን ያዞራታል። አንድ ፊደል እዚህ፣ አንድ ፊደል እዚያ። ረዘም ያለ ነገር ከጻፍክ፣ ሳታውቀው የራስህን የሚስጥር ፋይል አድራሻ በገዛ ጣትህ ጽፈህ ትጨርሳለህ። ለዚህ ነው ዛሬ እዚያ ሳጥን ላይ መጻፍ የማይቻለው።

ሌላም አለ፤ ይሄ የኔ ተወዳጅ ነው። ፋይል ስትመርጥ አንዳንድ የድሮ ብራውዘሮች ሙሉ አድራሻውን ለገጹ ይነግሩ ነበር። አድራሻው ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የኮምፒውተሩ ባለቤት ስም አለ። ስለዚህ ይህ እንዲቀር ተወሰነ፤ ስክሪፕቱ የፋይሉን ስም ብቻ ይወቅ። ግን ሙሉ አድራሻ እናገኛለን ብለው የተሠሩ ገጾች ሊበላሹ ሆነ። ታዲያ ምን ተደረገ? የድሩ ሕግ ውስጥ ውሸት ተጻፈ። ዛሬ ማንኛውም ገጽ ፋይልህ የት እንዳለ ብራውዘሩን ቢጠይቅ «ሲ ድራይቭ ላይ፣ ፌክፓዝ የሚባል ፎልደር ውስጥ» ይባላል። ትርጉሙ «የውሸት መንገድ» ማለት ነው። ሲ ድራይቭ የሌለው ማክ ላይም መልሱ ያው ነው። ስልክ ላይም ያው። በይፋ ሕግ ሆኖ የጸደቀ ነጭ ውሸት ከዚህ ሌላ አላውቅም።

በሩን በሰፊው የከፈቱም ነበሩ። ማይክሮሶፍት በ1990ዎቹ መጨረሻ ስክሪፕቶች ፋይል ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማጥፋት የሚችሉበት መሣሪያ ሰጠ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ውስጥም «ይህ አደገኛ ሊሆን ይችላል፣ ልፍቀድ?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ካልክ ገጹ ይጠቀምበታል። በሜይ 2000 የተነሳው አይ ላቭ ዩ የተባለው ትል (ራሱን እያባዛ የሚዛመት ጎጂ ፕሮግራም) በዚያው መሣሪያ ነው የሰዎችን ፎቶ በራሱ ኮፒ እየተካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ያዳረሰው። እርግጥ የመጣው በኢሜይል አባሪ እንጂ በገጽ አይደለም። ሰው ግን የፍቅር ደብዳቤ መስሎት ድርብ ክሊክ አደረገ። ያችው ጣት።

በሌላ ወገን ደግሞ ያ ልቅ ጊዜ ቆንጆ ነገርም ወልዷል። በ2004 ጄረሚ ራስተን የተባለ ሰው ቲድሊዊኪ የሚባል ማስታወሻ ደብተር አወጣ። ደብተሩ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል፣ ማለትም አንድ ድረ ገጽ ብቻ ነው። ትከፍተዋለህ፣ ትጽፍበታለህ፣ «ሴቭ» ትላለህ፣ ፋይሉ ራሱን መልሶ በራሱ ላይ ይጽፋል። ጫኝ የለ፣ ሰርቨር የለ። ለጋሼ የፈለግኩት ነገር ከእኔ አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር ማለት ነው። ፋየርፎክስ የተባለው ብራውዘር ላይ አንድ ጊዜ ፈቃድ ስትሰጠው ይሠራ ነበር፤ ኤክስፕሎረር ላይ በማይክሮሶፍቱ መንገድ። ከዚያ በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ፋየርፎክስ ፈቃዱን አነሳው። ሰዎች በተጨማሪ መሣሪያ አለፉት፤ በ2017 መጨረሻ የድሮዎቹ ተጨማሪ መሣሪያዎች ሁሉ ሲቀሩ ያም አብሮ ቀረ። ያን ሰሞን የተጠቃሚዎቹን ብስጭት ሳነብ «ምን አለበት ቢተዉላቸው» ብዬ ነበር። አሁንም እንደዚያ እላለሁ፣ ግን ድምፄ ቀንሷል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ሁለተኛው ሙከራዬ ዳውንሎድ ነበር። ስክሪፕት ፋይል ላይ መጻፍ ባይችልም፣ በእጁ ያለውን ጽሑፍ እንደ ፋይል ጠቅልሎ «እንካ፣ አውርደው» ማለት ይችላል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ከገጹ ወደ ዳውንሎድ ፎልደር ብቻ ነው የሚሻገረው። ማንበቡም ቢሆን ከ2010 ገደማ ጀምሮ ይቻላል፦ ሰውየው የመረጠውን ፋይል ስክሪፕቱ ወደ የትም ሳይልክ እዚያው ያነበዋል። ስለዚህ መክፈት በምርጫ፣ ማስቀመጥ በዳውንሎድ። ደስ አለኝ።

ችግሩ ዳውንሎድ ሁልጊዜ አዲስ ፋይል መሆኑ ነው። በቀድሞው ላይ አይጽፍም። ጋሼ በቀን አራት አምስቴ ሴቭ ያደርጋሉ። ከአንድ ወር በኋላ ብመጣ ፎልደሩ ውስጥ «ትዝታ»፣ «ትዝታ 1»፣ «ትዝታ 2» እያለ እስከ «ትዝታ 94» ተደርድሯል። የቱ የመጨረሻው ነው? ስሞቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ። ጋሼ «ትዝታ 9»ን አዲሱ መስሏቸው ከፍተው ሁለት ቀን ሙሉ ጽፈውበታል። ሁለቱን ለማጣበቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠን አነበብን። ማለቴ እሳቸው አነበቡ። እኔ «ቀጥሎ የትኛው አንቀጽ ነው?» እያልኩ እገለብጣለሁ፣ እሳቸው በእጃቸው ስክሪኑን እየሸፈኑ «አንቺ አታንብቢ» ይሉኛል። ገና አላለቀም አሉ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ በዚሁ መሀል ጊዜዬን በላ። ገጹ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ፋይል ነው አይደል? ትዝታውም አጠገቡ ነው ያለው። አጠገቡ ያለውን ፋይል ቢያነብ ማንን ይጎዳል? አይቻልም። ብራውዘሮች ከሃርድ ዲስክ የተከፈተን ገጽ አድራሻ እንደሌለው እንግዳ ነው የሚያዩት፤ ጎረቤቱን እንኳ እንዲነካ አይፈቅዱለትም። ፋየርፎክስ በዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ለዘብ ያለ ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ እሱም አጠበቀ። መጀመሪያ ተሳደብኩ። ከዚያ ዳውንሎድ ፎልደሬን ከፍቼ አየሁት። ከየትም የወረደ ገጽ እዚያ ይቀመጣል። አጠገቡ ደግሞ የባንክ ወረቀት፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ የሥራ ውል አለ። የወረደውን ገጽ ድርብ ክሊክ ባደርግና ጎረቤቶቹን ሁሉ ማንበብ ቢችልስ? ስድቤን መልሼ ዋጥኩ።

ሦስተኛው ሙከራ ነው እስከ ዛሬ የቆየው። ክሮም በኦክቶበር 2020 አዲስ መንገድ ከፈተ። ገጹ «ፋይል እንዲመርጥ ጠይቅልኝ» ይላል፤ ብራውዘሩ የተለመደውን መስኮት ያመጣል፤ ሰውየው ይመርጣል። እስከዚህ ድሮም ነበረ። አዲሱ ነገር፣ ገጹ የሚያገኘው የፋይሉን ይዘት ብቻ አለመሆኑ ነው። የፋይሉን እጀታ ያገኛል። እጀታውን እንደያዘ «ልጻፍበት?» ብሎ ሲጠይቅ ብራውዘሩ ሌላ ጥያቄ ለሰውየው ያቀርባል። ከተፈቀደ በዚያው ፋይል ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ስም ይጽፋል። «ትዝታ 95» የለም።

ውስጡን ሳየው ደግሞ የሠሩት ሰዎች እንዳሰቡበት ታየኝ። ስትጽፍ ወዲያው በዋናው ፋይል ላይ አይጽፍም። አጠገቡ ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥርና እዚያ ይጽፋል። «ጨርሻለሁ፣ ዝጋው» ስትለው ነው ጊዜያዊው በዋናው ቦታ የሚተካው። መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ የትናንቱ ጽሑፍ አለ። ሙሉ ሃርድ ዲስኩን ወይም የሲስተሙን ፎልደር ልስጥህ ብትለው ደግሞ ብራውዘሩ ራሱ እምቢ ይላል።

ጋሼ የመጀመሪያ ቀን «ይህ ገጽ በፋይሉ ላይ ለውጥ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳሉ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣባቸው ቅር አላቸው። «የጻፍኩት እኔ፣ ፋይሉ የኔ። ፈቃዱ ለማን ነው?»

«ለገጹ ነው ጋሼ።»

«ገጹ ማነው?»

ያኔ ሳቅኩ። አሁን ግን ከሁሉም ጥያቄያቸው እሱ ነው የሚበልጥብኝ።

ምክንያቱም በዚህ ጊዜ ገጹን ዴስክቶፕ ላይ አልተውኩትም። ድር ላይ አውጥቼዋለሁ። ስህተት ሲገኝ ከቤቴ ሆኜ ላስተካክል ብዬ ነው። እና ብራውዘሩ ፈቃዱን የሚመዘግበው በማን ስም ነው? በድር አድራሻው። በኮዱ አይደለም። ጋሼ ዛሬ የፈቀዱለት ኮድ ሃምሳ መስመር ነው፤ ማንም አንብቦ ይጨርሰዋል። ነገ እኔ ሌላ ሃምሳ መስመር ብጨምርበት ፈቃዱ ያው ነው። እኔ ባልሆንስ? የሰርቨሬ የይለፍ ቃል ያለው ሰው፣ ወይም እኔ ሳላጣራ ከሌላ የወሰድኩት የኮድ ቁራጭ ባለቤት? ለጋሼ ምንም አይታያቸውም። ያው ነጭ ገጽ፣ ያው ትልልቅ ፊደል።

በዚያ ላይ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ክሮም ጥያቄው ላይ ምርጫ ጨምሯል። ቀድሞ የገጹ ታቦች ሁሉ ሲዘጉ ፈቃዱ አብሮ ያልቅ ነበር። አሁን «ለዚህ ጊዜ ብቻ» ወይም «በመጣሁ ቁጥር» ማለት ይቻላል። ፕሮግራመሮች ለዓመታት የለመኑት ነገር ነው። ቪኤስ ኮድ የተባለው የኮድ መጻፊያ ድር ላይ ባለው ስሪቱ ሙሉ ፎልደር ከፍቶ የሚሠራ ሰው በየቀኑ ፈቃድ መስጠት ይሰለቸዋል። ይገባኛል፤ እኔም ሰልችቶኛል።

የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላና የሳፋሪ ባለቤት አፕል ግን እስካሁን ይህን መንገድ አልተቀበሉትም። ሞዚላ ገና ሐሳቡ ሲቀርብ «ጎጂ» ብሎ ነው የፈረጀው። ክርክሩ ባጭሩ፣ ሰው ፋይል ሲመርጥ ምን እየሰጠ እንደሆነ በአንድ መስኮት ማስረዳት አይቻልም የሚል ነው። የተቀበሉት ሌላውን ግማሽ ነው፦ ለገጹ የራሱ የታጠረ የፋይል ቦታ መስጠት፣ የተጠቃሚውን ፎልደር ሳይነካ። ሳፋሪ ቀድሞ፣ ፋየርፎክስ ደግሞ በ2023 ይህን ጨመሩ። ጥሩ ነው፣ ፈጣን ነው። ለጋሼ ግን ያው ጓዳ ነው። ሰፋ ያለች ጓዳ። ሳጸዳ አብራ ትጸዳለች።

ፍርሃቱ ባዶ እንዳልሆነ የሚያሳይ ነገርም አለ። በ2023 የፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጉግል ባለሙያ ጋር ሆነው በዚሁ የክሮም መንገድ ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ገጽ መሥራት እንደሚቻል በተግባር አሳዩ። ገጹ የፎቶ ማስተካከያ መስሎ ፎልደር ይለምናል። ሰውየው ይፈቅዳል። ከዚያ እያንዳንዱን ፋይል አንብቦ፣ ቆልፎ፣ መልሶ ይጽፋል። ምንም አልተጫነም፣ የወረደ ቫይረስ የለም። ሥራውን የሚሠራው ሁሉም የሚያምነው ብራውዘር ነው። ለዚህ ነው እኔ ቁርጤን ያወቅኩት፦ አንድ ፋይል፣ አዎ። ፎልደር፣ ለማንም ገጽ አልሰጥም። ለቪኤስ ኮድም እንኳ የማልሳሳለትን ፎልደር ለይቼ ነው የምሰጠው። አንዳንድ ጓደኞቼ «አበዛሽው» ይሉኛል። ይበሉ።

መዝጋቱ ብቻውን እንደማያድን ደግሞ ፋየርፎክስ ራሱ ምስክር ነው። በኦገስት 2015 አንድ የሩሲያ የዜና ገጽ ላይ የወጣ ማስታወቂያ፣ በብራውዘሩ የፒዲኤፍ ማንበቢያ ውስጥ በነበረ ቀዳዳ ገብቶ የጎብኚዎችን ፋይል እየፈለገ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲልክ ተገኘ። ይፈልግ የነበረው የፕሮግራመሮችን ነገር ነው፤ የይለፍ ቃል የተቀመጠባቸውን፣ የሰርቨር ቁልፎችን። ማንም ምንም አልመረጠም፣ ምንም አልፈቀደም። ዜና ነው ያነበቡት። ኮምፒውተራቸው ላይም አሻራ አልተወም። ሞዚላ ጥቆማው በደረሰው ማግስት ደፈነው። ያም ሆኖ፣ ከሃያ ዓመት ጥበቃ በኋላ ጣትን ጨርሶ ያልጠየቀ ሌባ ገባ።

እንግዲህ ያች ሁለት ሰከንድ ይህን ሁሉ ይዛ ነው። «ወጣ?» ላሉኝ «አልወጣም ጋሼ» አልኳቸው። አላመኑኝም፣ ደግሞም ልክ ናቸው። ብራውዘሩ የሚጠይቀው «ያንብብ?» ብሎ ነው፤ «ካነበበ በኋላ የት ይውሰደው?» ብሎ አይጠይቅም። ስክሪፕቱ ጽሑፉን ካነበበ በኋላ ወደ ፈለገበት ለመላክ አንድ መስመር ኮድ ይበቃዋል።

«ላሳይዎት» አልኩ። ተነስቼ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩ። «አሁን ምንም ግንኙነት የለም። ይክፈቱት።»

ከፈቱ። ጽሑፉ መጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩ፤ ሴቭ አሉ፤ ዘጉ፤ እንደገና ከፈቱ። ዓረፍተ ነገሩ አለ። ፊታቸው ፈታ አለ። እኔም ተንፈስ አልኩ። ገመዱን መልሼ ልሰካ ስጎነበስ፦

«ቆይ እስቲ። ሲመለስስ?»

«ምን ሲመለስ?»

«ኢንተርኔቱ ሲመለስ። ይሄ ገጽ አሁን አንብቦታል። በልቡ ይዞ ቢቆይና ገመዱን ስትሰኪው ቢልከውስ?»

ገመዱን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር በግማሽ ደቂቃ የደረሱበትን ነገር ለእኔ የሥራ ባልደረቦች ብዙ ጊዜ አስረድቼ አልተሳካልኝም።

እዚያው ተቀምጬ ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ገጹ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይደውል ራሱን የሚያስርበት መስመር እንዳለ፤ እኔም እንደጻፍኩት፤ ብራውዘሩም እንደሚያስከብረው። ማሰሪያው ሙሉ እንዳልሆነም ነገርኳቸው፤ ገጹ ራሱ ወደ ሌላ አድራሻ ሲሄድ ጽሑፉን በአድራሻው ላይ ለጥፎ ሊወጣ ይችላልና። ማሰሪያውን ያሰርኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ልፈታውም እችላለሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ስለዚህ ነገሩ ገመዱም አይደለም፣ ጥያቄውም አይደለም» አሉ። «አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ጋሼ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ጠዋት ገጹን ይከፍታሉ፣ ገመዱን ይነቅላሉ፣ ይጽፋሉ። ሲጨርሱ መጀመሪያ ታቡን ይዘጋሉ፣ ከዚያ ብራውዘሩን፣ ከዚያ ገመዱን ይሰካሉ። በየወሩ ደግሞ ፋይሉን በፍላሽ ይገለብጡና መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉታል። ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጽፈው ስክሪኑ ጎን ለጥፈውታል። ኮዱን ያየ ባለሙያ አንድ ሁለት ቀዳዳ አያጣም። እኔ ግን ምንም አላልኩም።

ባለፈው ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ገጹን ከፈቱ፣ ጥያቄው መጣ። እጃቸው ማውዙ ላይ ቆመ።

«አሁን የደረስኩበት ምዕራፍ ላይ አንቺም አለሽበት» አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

«ምን ብለው ጻፉብኝ?»

«ገና አላለቀም። ልታዪው ትችያለሽ ግን? ማለቴ ከቤትሽ ሆነሽ?»

«አሁን ባለው ኮድ አልችልም። ብቀይረው እችላለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መነጽራቸውን አስተካክለው ምርጫዎቹን አንድ በአንድ አነበቡ። «ለዚህ ጊዜ ብቻ» የሚለውን ተጫኑና ገመዱን ለመንቀል ጎንበስ አሉ።